የተልባ ዘይት ቀለም በአዳማ፦ የአንድ የእንጨት ሥራ ማኅበር የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

ከተልባ ዘይትና ከአፈር ቀለም መሥራት ይቻላል ወይ የሚለውን ጥያቄ ከአናጺዎች፣ ከሥዕል ተማሪዎችና ቤታቸውን በራሳቸው ከሚያድሱ ሰዎች ደጋግሜ እሰማለሁ። መልሱ አጭር ነው፤ ይቻላል፣ ሰው ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሠራበት ኖሯል። አስቸጋሪው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አብዛኛው ሙከራ ከመጀመሪያው ባልዲ አያልፍም። ቀለሙ ይጣበቃል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ሠሪው ተናዶ ወደ ሱቅ ይመለሳል፤ ምን እንደተበላሸ ግን ሳይታወቅ ይቀራል። ይህ ጉዳይ ከሌሎቹ የሚለየው ሥራው እስከ መጨረሻው ስለተገፋና በየደረጃው የሆነው ነገር ስለተጻፈ ነው። እኔ የገባሁበት የኬሚስትሪ መምህር በመሆኔ፣ ማኅበሩ ምክር በፈለገ ጊዜ ስለጠራኝ ነው። በስምምነታችን መሠረት የሰዎቹም የድርጅቶቹም ስም አልተጠቀሰም።

ዳራ

ማኅበሩ የጥቂት ወጣቶች ነው። አዳማ ውስጥ በቆርቆሮ በተሠራ ሼድ በር፣ መስኮት፣ ጠረጴዛና ወንበር ይሠራሉ። ጣውላቸው በአብዛኛው ባሕር ዛፍ፣ ግራቪሊያና ጥድ ነው። ቀለም የሚገዙት እንደማንኛውም አናጺ ከሱቅ ነበር።

በኅዳር 2016 ዓ.ም. አንድ መዋዕለ ሕፃናት ትንንሽ ጠረጴዛዎች፣ ወንበሮችና የመጽሐፍ ቁም ሣጥኖች አዘዘ። ርዕሰ መምህርቷ በዋጋ አልተከራከሩም። የጠየቁት አንድ ነገር ነበር። «ልጆች አፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ነው የሚያሳርፉት፤ ጠርዙንም ይነክሱታል። ቀለሙ ውስጥ ምን እንዳለ ንገሩኝ» አሉ። የማኅበሩ ሰብሳቢ መልስ አልነበረውም። ይጠቀሙበት በነበረው የቀለም ቆርቆሮ ላይ ስለ እርሳስ የተጻፈ ነገር የለም፤ ሻጩም አያውቅም።

ጥያቄያቸው ቀላል ጥያቄ አልነበረም። እርሳስ የሚባለው ብረት በቀለም ውስጥ ለሁለት አገልግሎት ሲገባ ኖሯል፤ ለደማቅ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ነጭ ቀለም፣ እንዲሁም ዘይቱ ቶሎ እንዲደርቅ። የሕፃን አእምሮን ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት የማያስከትል መጠን አለው ብሎ አያምንም። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚኖረውን እርሳስ በ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) ወስኗል፤ ይህም በ100 ግራም ደረቅ ቀለም ውስጥ 9 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ሕጉ አለ፤ ሱቅ ቆሞ ለሚገዛ አናጺ ግን ቆርቆሮው ካልነገረው ማረጋገጫ የለውም።

ሰብሳቢው ያደገው አርሲ ነው፤ ቤተሰቡ ተልባ ያመርታል። ከአዳማ እስከ አሰላ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከከፍታው የሚወርደው የቅባት እህልም በአዳማ ያልፋል፣ በከተማዋ አነስተኛ የዘይት መጭመቂያዎች አሉ። «ቀለሙን እኛው ብንሠራውስ? ያኔ ውስጡ ያለውን እናውቃለን» የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው።

ችግሩ፦ የማይደርቅ ጠረጴዛ

መጀመሪያ የሠሩት በኑግ ዘይት ነበር። ምክንያታቸው ግልጽ ነው፤ ኑግ በየመጭመቂያው አለ፣ ዘይቱ ጥሩ ነው፣ ሁሉም ያውቀዋል። ቀይ አፈር ነፍተው በኑግ ዘይት ለወሱና አንድ የናሙና ጠረጴዛ ቀቡ። መልኩ አምሮ ነበር። ከሳምንት በኋላ ግን እጅ ላይ ይጣበቅ ነበር። የአዳማ የበጋ ነፋስ አቧራውን እያመጣ ለጠፈበት፤ ገጹ ሻከረ፣ ቀዩም ወደ ግራጫ ተለወጠ። እኔ የተጠራሁት በዚህ ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ የጠቅላላ ሥራው ቁልፍ ስላለ ቆም ብዬ ላብራራው። የዘይት ቀለም እንደ ውሃ ቀለም በመትነን አይደርቅም። ከዘይቱ የሚወጣው ነገር ጥቂት ነው፤ ይልቁንም ከአየር ኦክስጅን ይወስዳል። በወሰደው ኦክስጅን አማካይነት የዘይቱ ሞለኪውሎች እርስ በርስ ይተሳሰሩና ጠንካራ ሽፋን ይሆናሉ። የደረቀ ዘይት ከእርጥቡ የሚከብደውም ለዚህ ነው። ምጣድ በጎመንዘር ሲሟሽ የሚሆነውም የዚሁ ዘመድ ነው፤ በሙቀት ኃይል ዘይቱ ወደማይታጠብ ጥቁር ሽፋን ይለወጣል። ቀለም ላይ ያ ሥራ ያለ እሳት፣ በአየርና በብርሃን ብቻ፣ በቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት።

ይህን ማድረግ የሚችለው ግን ሁሉም ዘይት አይደለም። ጉዳዩ የሚወሰነው በዘይቱ ውስጥ ስንት ድርብ ትስስር፣ ማለትም ኦክስጅን እንዲይዝ የሚያስችል የሞለኪውሉ ቦታ፣ አለ በሚለው ነው፤ ኬሚስቶች በአዮዲን ቁጥር ይለኩታል። የተልባ ዘይት ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ170 በላይ ነው፤ ከግማሽ የማያንሰው ሦስት ድርብ ትስስር ያለው ሊኖሌኒክ አሲድ ስለሆነ። ኑግ ከ125 እስከ 140 አካባቢ ነው፤ ዋናው ክፍሉ ሁለት ድርብ ትስስር ያለው ሊኖሌይክ አሲድ ነው። ሰሊጥ ከዚያ ያንሳል። የወይራ ዘይት ከ100 በታች ነው፤ ከውጭ የሚገባው ፓልም ደግሞ ከወይራም በብዙ ያንሳል፤ እነዚህ ሁለቱ ዓመት ቢቆዩም ሽፋን አይሆኑም። ኑግ መሐል ላይ ነው። በጣም ስስ ተቀብቶ ፀሐይ ካገኘ ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ ሽፋኑ ግን ለስላሳ ነው፤ ልጆች ለሚገፉት ጠረጴዛ አይሆንም።

ከአባላቱ አንዱ ጉሎ እንሞክር ብሎ ነበር፤ በየአጥሩ ይበቅላል፣ ዘይቱም ወፍራም ነው። ሐሳቡ አሳሳች ነው። የጉሎ ዘይት ወፍራም የሆነው ሪሲኖሌይክ የሚባለው አሲድ ስለሚበዛበት ነው፤ ድርብ ትስስሩ አንድ ብቻ ስለሆነ እንዳለ ቢቀባ አይደርቅም። ፋብሪካዎች በሙቀት ኃይል ከሞለኪውሉ ውሃ አስወጥተው ወደሚደርቅ ዘይት ይለውጡታል፤ ያ በሼድ ውስጥ የሚሞከር ሥራ አይደለም።

መጭመቂያ ቤት

ተልባው በጥር ከአርሲ መጣ። የመጀመሪያው ጭማቂ ግን ጥቁር ቡናማ ሆኖ ወጣ፤ የተቃጠለ ሽታም ነበረው። የመጭመቂያው ባለቤት በሥራው ያረጁ ሰው ናቸው፤ ዘሩን እንደ ልማዳቸው አሙቀውት ነበር። ሰብሳቢው «ጋሼ፣ ሳይሞቅ ቢጨመቅልንስ?» ሲላቸው «ሳይሞቅ ዘይቱ መች ይወርዳል ልጄ? ኪሳራው ያንተ ነው» አሉት። እውነታቸውን ነው፤ ቀዝቃዛ ጭመቃ የሚሰጠው ዘይት ያንሳል። ከ100 ኪሎ ተልባ ውስጥ ከ35 እስከ 45 ኪሎ የሚሆነው ዘይት ነው፤ ትንሽ መጭመቂያ ሳይሞቅ የሚያወጣው ግን ከዚህ በብዙ ያነሰ ነው።

በመጨረሻ የተስማሙት እንዲህ ነው። ዘሩ ሳይሞቅ ይጨመቃል። ከዚያ በፊት ግን ማሽኑ ውስጥ የቀረውን ኑግ ጠርጎ እንዲያወጣ የተወሰነ ተልባ ይገባና የመጀመሪያው ዘይት ለብቻው ይቀመጣል። ፋጉሎው የማኅበሩ ይሆናል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ትንሽ ይመስላል፤ ሂሳቡን ያዳነው ግን እሱ ነው። በአዳማ ዙሪያ ከብት የሚያደልቡና ላም የሚያልቡ ሰዎች የተልባ ፋጉሎ ይፈልጋሉ፤ የጎደለውን ዘይት ዋጋ በከፊል መለሰላቸው።

ዘይቱን ማጥራት

ከመጭመቂያ የወጣ የተልባ ዘይት ውስጥ ከዘሩ የሚመጣ የሚያሙለጨልጭ ልጋግና ሌላ ቅባት መሰል ነገር አለ። ይህ ካልወጣ ሽፋኑ ይደክማል፣ ውሃ ይስባል፣ ቶሎ ይጠቁራል። የማጥራቱ ዘዴ ጥንታዊ ነው፤ ዕቃውም ከጄሪካን አያልፍም።

ዘይቱን ከለብ ያለ ውሃና ከጥቂት ጨው ጋር በጄሪካን ጨምረው በኃይል ናጡት፤ ከዚያ ጄሪካኑን ገልብጠው አሳደሩት። ጠዋት ክዳኑን ቀስ ብለው ሲያላሉ ከታች የተጠራቀመው ደፍራሽ ውሃ ቀድሞ ወጣ፤ ዘይቱ መምጣት ሲጀምር ዘጉት። የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ይህን ደጋገሙት። በዘይቱና በውሃው መሐል ነጭ፣ አረፋ መሰል ንብርብር ይቀራል፤ እሱም ይጣላል። አባላቱ «ይህ ሁሉ ከዘይት ነው የወጣው?» ብለው የተገረሙት በዚህ ንብርብር ነው።

የታጠበው ዘይት ጠፍጣፋ ትሪ ላይ ፈስሶ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። ከላይ መስታወት፣ በመስታወቱና በትሪው መካከል ደግሞ አየር የሚያስገባ ክፍተት፣ ክፍተቱ በሻሽ የተሸፈነ። አዳማ ለዚህ ሥራ የታደለች ናት፤ ከጥር እስከ መጋቢት ፀሐይዋ አይቋረጥም። ችግሩ አቧራው ነው፤ ሻሹን በየጊዜው ማጠብ ግድ ሆነ። በየቀኑ ካልተማሰለ ገጹ ላይ ቆዳ ይሠራል። ከሳምንታት በኋላ ዘይቱ ነጣ፣ ወፈር አለ፤ መድረቁን ግማሽ መንገድ እንደሄደ መቁጠር ይቻላል። ብቻውን ለብሩሽ ስለሚከብድ ካልወፈረው የታጠበ ዘይት ጋር ተቀላቀለ።

ልዩነቱን ለማየት የተሠራው ሙከራ ገንዘብ አልጠየቀም። የመስኮት መስታወት ቁራጭ ላይ እያንዳንዱ ዘይት በጣት ስስ ተደርጎ ተቀባ፣ ሁሉም አንድ ጥላ ቦታ ተቀመጠ፣ በየጠዋቱ ተነካ። የኑጉ ዘይት ከሁለት ሳምንት በኋላም ይጣበቅ ነበር። ያልታጠበው ተልባ ሳምንት ሊሞላ ሲል ደረቀ። የታጠበውና ፀሐይ የመታው በሦስተኛው ቀን ጣት አልያዘም። ከዚህ በኋላ ማኅበሩ የትኛውንም ዘይት በመስታወት ሳይፈትን ባልዲ ውስጥ አልጨመረም። አንድ ጊዜ ከሌላ ቦታ የተገዛ «ንጹሕ ተልባ» ከሳምንት በላይ አልፎት ሲጣበቅ፣ ሌላ ዘይት እንደተቀላቀለበት የነገራቸው ይኸው መስታወት ነው።

አፈሩ

ቀይና ቢጫ አፈር ከአርሲ፣ ከተጋለጠ ገደል መጣ። ቀለሙን የሚሰጠው የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ብርሃን አያጠፋውም፣ ከዘይትም ጋር ይስማማል። አፈሩ በባልዲ ውሃ ውስጥ ተማሰለ፣ አሸዋው እስኪዘቅጥ ጥቂት ተጠበቀ፣ ደፍራሹ ውሃ ወደ ሌላ ባልዲ ተገለበጠ፣ እዚያ የረጋው ደለል ደርቆ ተፈጨ። ወንፊት ብቻውን ይህን አይተካም፤ በመጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ የታየው ቧጨራ በወንፊት ያለፈ አሸዋ ነበር።

ቢጫውን አፈር በብረት ምጣድ ሲያምሱት ወደ ቀይ ተለወጠ። በውስጡ ያለው ውሃ ሲወጣ ቢጫው የብረት ማዕድን ቀዩ ስለሚሆን ነው። የእሳቱን ጊዜ በማሳጠርና በማርዘም ከአንድ ጆንያ አፈር ቢጫ፣ ብርቱካናማና ጥልቅ ቀይ አገኙ። በጠቅላላው ሥራ ወጣቶቹን እንደዚህ ያስደሰታቸው ነገር አላየሁም።

ከአፈር መጣ ማለት ግን ለሕፃን ደኅና ነው ማለት አይደለም። እርሳስም፣ አርሴኒክም፣ ሜርኩሪም ከመሬት የሚወጡ ናቸው፤ በታሪክ መርዛማ ከሆኑት ቀለሞች ብዙዎቹ የተፈጥሮ ማዕድን ነበሩ። ስለዚህ የአፈሩ ናሙና ላቦራቶሪ ተልኮ እርሳስና አርሴኒክ ተለኩለት፤ ውጤቱ ለርዕሰ መምህርቷ በወረቀት ተሰጠ። ከጋራዥና ከመኪና መንገድ ዳር አፈር አለመውሰድም ደንብ ሆነ።

ልወሳው የተከናወነው በመስታወት ላይ፣ ከሥሩ ለጥ ባለ የወፍጮ መጅ ነው። ዱቄትን በዘይት በማንኪያ ማማሰል ቀለም አያደርገውም፤ እያንዳንዱ ቅንጣት በዘይት እስኪረጥብ መታሸት አለበት። ይህ አድካሚ ነው፤ ማኅበሩ እስከ ዛሬ የተሻለ መላ አላገኘለትም።

ጥቁሩ ችግር አመጣ። የከሰል ዱቄትና ጥቀርሻ በዘይት ሲለወሱ መድረቁን በጣም ያዘገዩታል። የወንበሮቹን እግር ጥቁር ለማድረግ የተያዘው ዕቅድ ተሰረዘ፤ ከሰሉ ቀዩን ለማጥቆር በጥቂቱ ብቻ ገባ።

ነጩ

ርዕሰ መምህርቷ ጥቂት ነጭና ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ፈልገው ነበር። ማኅበሩ ጀሶ በዘይት ለወሰ። በደረቁ እንደ ወተት የነጣው ዱቄት ዘይት ሲነካው ግራጫ ሊጥ ሆነ፤ ሲቀባ እንጨቱ ከሥር ታየ። ምክንያቱ የብርሃን ነው። ዱቄት ነጭ ሆኖ የሚታየው ብርሃንን ከአካባቢው በተለየ መጠን ስለሚሰብር ነው። የዘይት የብርሃን ስብረት 1.48 ገደማ፣ የጀሶ 1.52 ነው፤ ሁለቱ ስለተቀራረቡ ብርሃኑ ሳይመለስ ያልፋል። የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ከ2.5 በላይ ስለሆነ ዘይት ውስጥም ይነጣል። ቲታኒየም እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ገበያ ላይ ከመስፋፋቱ በፊት የዘይት ሥዕልም ሆነ የቤት ቀለም ዋናው ነጭ ከእርሳስ የሚሠራው ነበር። ለልጆች «የድሮውን የተፈጥሮ ነጭ» መፈለግ ወደ መርዙ መመለስ ማለት ነው።

ኖራስ? ኖራ ኃይለኛ አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) ስለሆነ ዘይቱን ወደ ሳሙና ይለውጠዋል። ስለዚህ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ዱቄት ተገዛ። አንድ አባል ዓላማችን ፈረሰ ብሎ ተከራክሯል። በእኔ አስተያየት አልፈረሰም፤ ዓላማው ውስጡን ማወቅ ነበር፣ ይህ ዱቄት ደግሞ ምን እንደሆነ ይታወቃል፤ ሲለወስ ብቻ አቧራው እንዳይተነፈስ በአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ተሠራ። የጀሶው ሊጥም አልተጣለም፤ በሣጥኖቹ ላይ የምስማር ቀዳዳና ስንጥቅ የሞላው ስቱኮ ሆነ።

ቅቡ፣ የግድግዳው ጉዳይና ጭሱ

ቅብ በሚያዝያ ተጀመረ። አንዱ ወጣት ሥራውን በአንድ ዙር ለመጨረስ ወፍራም አድርጎ ቀባ፤ ላዩ ደርቆ ተጨማደደ፣ ሥሩ እርጥብ ቀረ፣ ሁሉም ተፍቆ እንደገና ተቀባ። ኦክስጅን ከላይ ስለሚገባ ወፍራም ሽፋን ራሱን ይዘጋል። ሦስት ስስ ዙር፣ በየመሐሉ ጥቂት ቀን፣ በየመሐሉ ቀላል ፍቅፋቆ፤ የሠራው ይህ ነው።

በሥራው ላይ ሳሉ ርዕሰ መምህርቷ አዲስ የተሠራ ክፍል ግድግዳም እስከ ወገብ በዚሁ ቀለም እንዲቀባ ጠየቁ። እንደማይሆን ነግሬያቸው ነበር፤ ግንባታው ግን ቸኩሎ ነበርና ተቀባ። ሲሚንቶው ገና እርጥብና አልካሊው ኃይለኛ ስለነበር በሳምንታት ውስጥ ቀለሙ በየቦታው ለሰለሰ፣ ሲነካ ያሙለጨልጭ ጀመር። የዘይቱ ሳሙና መሆን ይህ ነው። ተፍቆ ግድግዳው በኖራ ተቀባ፤ እርጥብ ግድግዳ ላይ በስሱ፣ ደጋግሞ። ለግድግዳው ትክክለኛው ከመጀመሪያውም ኖራ ነበር።

አሁን የዚህ ጽሑፍ ከባድ ክፍል ይመጣል። በግንቦት አንድ ማታ ዘበኛው ከሼዱ ጥግ የሚጎመዝዝ ሽታ ሸተተው። ጨርቅና መጋዝ ብናኝ የታጨቀበት ማዳበሪያ ከረጢት እየጨሰ ነበር። ጎትቶ ወደ ውጭ አውጥቶ ሲከፍተው አየር አገኘና ነደደ፤ በአሸዋና በውሃ አጠፋው። በማግሥቱ ጥርጣሬው በሚያጨስ አንድ ወጣት ላይ ወደቀ፤ ልጁ ምሎ ተገዝቶ ካደ። እውነቱን ነበር። በከረጢቱ ውስጥ የነበረው ዘይት የጠረጉበት ጨርቅ ነው። ዘይቱ ኦክስጅን ሲወስድ ሙቀት ይሰጣል። ጣውላ ላይ ሙቀቱ ይበተናል፤ የተጠቀጠቀ ጨርቅ ውስጥ ግን ይጠራቀማል፣ ሙቀቱ መድረቁን ያፋጥናል፣ መድረቁ ሙቀቱን ይጨምራል፣ በሰዓታት ውስጥ ያለ ክብሪት እሳት ይነሣል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1991 በፊላደልፊያ ዋን ሜሪዲያን ፕላዛ የተባለውን ባለ 38 ፎቅ ሕንፃ ያወደመውና ሦስት የእሳት አደጋ ሠራተኞችን የገደለው ቃጠሎ የተነሣው የእንጨት ሥራ ሲታደስ ከተተዉ የተልባ ዘይት ጨርቆች ነው።

ስለዚህ አደጋ ለወጣቶቹ ቀድሞ ተነግሯቸው ነበር፤ ግን ጨርቁ ውስጥ ስለገባው ብናኝ ማንም አላሰበም፣ ማታ የጠረገውም አዲስ የተቀጠረ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘይት የነካ ጨርቅ ሁሉ ውሃ ወደያዘ ባለ ክዳን የብረት ባልዲ ይገባል፤ ወይም ደጅ ገመድ ላይ ተዘርግቶ ደርቆ እስኪጠነክር ይቆያል። ቅብ በሚኖርበት ቀን መጋዝ አይሠራም። ይህን ለማያደርግ አናጺ የተልባ ዘይት አይገባውም ብዬ በግልጽ እናገራለሁ።

ውጤት

ዕቃዎቹ አየር በሚዘዋወርበት ክፍል አንድ ወር ያህል ከቆዩ በኋላ በነሐሴ ተረከቡ። ቆይታው ያስፈለገው በቀለሙ ሽታ ምክንያት ነው። የሚደርቅ ተልባ አልዲሃይድ የሚባሉ የሚሸቱ ትነቶችን ለሳምንታት ያወጣል፤ ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይሸትም የሚለው እምነት ስሕተት ነው።

ከአንድ የትምህርት ዓመት በኋላ ሄጄ አየኋቸው። ቀዩና ቡናማው ጠረጴዛ ደኅና ነው። ጠርዞቹ ተበልተዋል፤ ነገር ግን እንደ ሱቅ ቀለም በቅርፊት አልተላጡም፣ ሳስተዋል እንጂ፤ ጥቂት ዘይት በጨርቅ ሲታሽባቸው ታደሱ። ደብዝዘው የተገኙት ጥቂት ጠረጴዛዎች በበረኪና ሲታጠቡ የነበሩት ናቸው፤ አልካሊ እንዲህ ያለውን ሽፋን ይበላል። አሁን በለስላሳ ሳሙናና በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋሉ። የቁም ሣጥኖቹ ነጭ በውጭ በኩል እንዳለ ነው፤ በውስጥ በኩል ቢጫ ሆኗል። የተልባ ዘይት ጨለማ ውስጥ ይቢጫል፤ በሮቹ ተከፍተው ብርሃን ሲያገኙ የተወሰነው ተመለሰ።

ዋጋውን በተመለከተ፣ የዘይቱና የአፈሩ ወጪ ከሱቅ ቀለም አልበለጠም። የበለጠው ጉልበቱና ጊዜው ነው። ማኅበሩ ይህን በዋጋው ላይ አስገብቶ ተከፍሎታል፤ ምክንያቱም ደንበኛዋ የገዙት የታወቀ ነገር ነበር።

ለሌላ ሥራ የሚያገለግለው

ከሁሉ በፊት ዘይቱን መምረጥ ይቀድማል፤ አፈሩ ይከተላል። ቀለሙን የሚይዘው፣ የሚያደርቀውና የሚያቆየው ዘይቱ ነው፤ በማይደርቅ ዘይት የተለወሰ ምርጥ አፈር ጭቃ ነው። ተልባ በሌለበት ሱፍ ሊታሰብ ይችላል፤ በአገራችን ሱፍ የሚባሉት ዘሮች ሁለት ስለሆኑ የምለው እሾሃማውን፣ ከቆላና ከወይና ደጋ የሚገኘውን ነው። ከተልባ ዘግይቶ ይደርቃል፣ ነገር ግን ያን ያህል አይቢጭም። የመስታወቱ ሙከራ ለየትኛውም ዘይት ይሠራል፤ ሳምንት ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል።

ሁለተኛው ቦታውን መለየት ነው። ለውስጥ እንጨት፣ ለአፈር ቀለማት፣ ስስ ለሚቀባና ሊጠበቅ ለሚችል ሥራ ይህ ቀለም ጥሩ ነው። ለአዲስ ሲሚንቶ አይሆንም። ለነገ ለሚፈለግ ዕቃ አይሆንም። በክረምትም ሥራው ይጓተታል፤ ማኅበሩ አሁን ዘይቱን በበጋ አጥርቶ፣ እስከ አፉ በተሞላና በተከደነ ጠርሙስ አስቀምጦ ነው ክረምቱን የሚያልፈው። ጠርሙሱ ካልሞላ በውስጡ ያለው አየር ገጹ ላይ ቆዳ ይሠራል።

ሦስተኛው የመረጃ ጉዳይ ነው። ርዕሰ መምህርቷ ጥያቄውን ባይጠይቁ ኖሮ ይህ ሥራ አይኖርም ነበር። ከሱቅ ለሚገዙም ያው ጥያቄ ያገለግላል፤ እርሳስ የሌለበት መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ያለበትን ቆርቆሮ መፈለግ፣ ከሌለ ለልጆች ዕቃ አለመጠቀም፣ የቆየ ቀለም ያለበትን የልጆች አልጋ በደረቁ አለመፈቅፈቅ፤ የሚነሣው አቧራ ነውና የሚጎዳው።

ማኅበሩ በዚህ በጋ ሁለተኛ ትዕዛዝ ይዟል፤ የሕፃናት አልጋና የመጫወቻ ሣጥን ነው። ለነጩ ክፍል የሱፍ ዘይት በትሪ ላይ ፀሐይ እየመታው ነው፤ ሁለት የመስታወት ቁራጮችም ቀን ተጽፎባቸው መደርደሪያው ላይ ተቀምጠዋል።